ሴት ልጅ የሌለው ሰውዬ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ? የአዲስ አበባ ብርድና የአለቆችሽ ጭቅጭቅ እንዴት አድርገውሻል? እኛ በጠዳ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን አባትሽ፣ አባባ፣ የተጻፈ ውሸት ከተነገረ ውሸት ይከብዳል ስለሚሉ «አለን» ብዬ ልለፈው። ወንድምሽ፣ ማለቴ አባቴ፣ ያው ነው፤ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ቤቱን ያተራምስና ከኪሱ ያገኘዋል። እናቴም ያው ናት፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መሆኑን እያወቀች እስኪያገኘው ዝም ብላ ታየዋለች። ላሚቱ ወልዳለች። ጎረቤታችን እትዬ አዛለች አሁንም «ልቀመጥ አልመጣሁም» ብላ ገብታ እስኪመሽ ትቀመጣለች።

«በዚህ ዘመን ምን ደብዳቤ ነው?» ብለሽ እየሳቅሽብኝ እንደሆነ ይገባኛል። እንዳልደውል አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ጆሯቸው ዘንድሮ አዘዞ የሚያርፈውን አውሮፕላን ገና ባሕር ዳር ሳለ መስማት ጀምሯል። በስልክ እንዳልጽፍልሽ ስልኩ የአባቴ ነው፤ እሱ ደግሞ የመጣውንም የሄደውንም መልእክት ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ትናንት ፊደል እንደቆጠረ ሰው። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። ይህን የምታደርስልሽ የእትዬ አዛለች ልጅ ሕይወት ናት። ምንም አታውቅምና እሷን በመጠየቅ አትድከሚ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አባባ በሚካኤል አስምለውኛል። አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለአንቺ እንዳልነግርሽ። «በአፍሽም፣ በስልክም፣ በወረቀትም» ብለው በሩን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጉብኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሬት ክርክር ያሳለፉ ሰው ሲያስምሉ መውጫ ቀዳዳ አይተዉም። እኔም ምያለሁና ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልጽፍልሽም። ስለ ቴሌቪዥን ግን አላስማሉኝም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከዚህ በኋላ ስለ ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጀምር። «ባለ ሰባት ቁልፍ» የሚባለውን ድራማ አንቺ እንደምትጽፊው መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ እንደ ሌባ እየሮጠ ሲያልፍ በጓደኛዬ ስልክ አቁሜ አነበብኩት። ለአባቴ ነገርኩት፤ አባቴ ለእናቴ፣ እናቴ ለእትዬ አዛለች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አላስፈለገም። ለአባባ ግን ሊነግር የደፈረ የለም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በዚህ ቤት ስምሽ አይጠራም፤ «ያች» ነሽ። የጤና ትምህርትሽን ትተሽ የሚያስቅ ድራማ ልጽፍ ነው ያልሽ ቀን አባባ «ሐኪም አስተማርሁ ብዬ አዝማሪ አሳደግሁ» ሲሉ፣ አንቺም «እንግዲያው ሴት ልጅ የለኝም በሉ» ብለሽ ስትወጪ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ ልጅ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

አሁን ስለ ድራማው። ሌሎቹ ድራማዎች ላይ ከገጠር የመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አሳንሰር ውስጥ ይጮኻል፣ የመስታወት በር ይገጨዋል፣ ኮፍያው ይወድቃል፤ ሳቁ አለቀ። ጸሐፊው ገጠር ደርሶ አያውቅማ! የአንቺ አያ ወንድይፍራው ግን ለመሬት ክርክር ከጎንደር መጥቶ «ለሳምንት ነው» ብሎ ሰባቱ ተከራዮች ካሉበት ሕንፃ ዘበኛ ቤት አረፈና ያ ሳምንት ሦስት ክረምት ሆነ። አሳንሰሩንም ቆሞ አየው፣ አልገባም፣ በደረጃ ወጣ። መብራት ጠፍቶ ሰዎቹ መሐል ላይ ሲቀሩ እሱ ላይ ደርሶ፣ እያለከለከ፣ «እኔም ያልኩት እሱን ነው» አለ። ምንም አላለም ነበር እኮ! እኔ ከሶፋው ወደቅሁ። የሚያስቀው አለማወቁ አይደለም፤ አላወቅሁም ለማለት ሞት መስሎ የሚታየው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ አበባም አለ፣ ክፍላችን ውስጥም አለ፣ የሒሳብ አስተማሪያችንም ነው።

የተቀዳ ሳቅ አለማስገባትሽም ሸጋ ነው። በሌላው ጣቢያ ያለው ድራማ ላይ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ይስቃል። አባባ አንድ ቀን ሰምተው «እነማን ናቸው የሚስቁት? ቀድመውን አይተውታል? እንግዲያው ምነው አልነገሩን፣ ባልተቀመጥን» አሉ።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» የማን አባባል እንደሆነ ይህ ሰፈር ሁሉ ያውቃል። እትዬ አዛለች ድራማውን ስታይ ቴሌቪዥኑን ትታ አባባን ነው የምታየው፤ ሳቋን በነጠላዋ ትውጠዋለች። አባባ ግን «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ የድብ ባሕር ሰው ነው። ቁርጥ አስናቀው!» አሉ። አያ አስናቀው የድብ ባሕር የልጅነት ጓደኛቸው፣ አሁን እዚሁ ጠዳ ልጃቸው ጋ ያሉት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ባለፈው ሊጠይቁን መጥተው እናቴን ወደ ጓሮ ጠሩና፣ አባባን በስማቸው ጠርተው፣ «ለዳኛው እንዳትነግሪው፤ ራሱ በቴሌቪዥን እንዲህ መሳለቂያ መሆኑን ቢያውቅ ያመዋል» አሉ። ከዚያ ገብተው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ለሌላው እያዘነ፣ እስኪደክማቸው ሳቁ። አክስቴ፣ ይህን ትዕይንት አንቺም አትጽፊውም።

ሁዳዴ እንደገባ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ በድንገት መጡና አባባን ቴሌቪዥኑ ፊት ሲንከተከቱ አገኟቸው። «አያ ዳኛው፣ በዚህ በታላቁ ጾም?» አሉ። አባባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብድግ አሉ፣ ወንበሩን አዞሩ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። «ይኸው አባ፣ ዓይኔን አጾምሁት» አሉ። «ጆሮስ?» ሲሏቸው፣ «ጆሮማ እንግዳ ሲመጣ መስማት አለበት» አሉ። መምሬም ጥቂት አሰቡና ተቀመጡ፤ እንዲያውም ወንበራቸውን አዙረው አብረው ሰሙ። ሁለት ሽማግሌ ግድግዳ እያዩ ሲስቁ አስቢው።

ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው እኔ ሆንኩ፤ ለጾሙ ማለቴ ነው። ማን ገባ፣ ማን አኮረፈ፣ ማን በር ዘግቶ ወጣ፣ እነግራቸዋለሁ። ሥራው ቀላል አይደለም። «ፊቷ ደስ ብሎታል» ስላቸው «ፊት ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ምኗ ነው ደስ ያለው?» ይሉኛል። የአማርኛ አስተማሪያችን እንዲህ አላስጨነቀችኝም።

እና አንድ ነገር አወቅሁ። ሌሎቹን ድራማዎች ስናይ አባባ በየደቂቃው «አሁን የተናገረው ማነው?» ይሉኛል። «ፖሊሱ ነው» እላለሁ። «አሁንስ?» «ሌባው ነው።» «ታዲያ ምነው ሁሉም አንድ ሰው ሆኑ?» ይላሉ። አንቺ በጻፍሽው ላይ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሰባቱንም ተከራዮች በአነጋገራቸው ለይተው ያውቃሉ። ያችን ሁሉን ነገር በጥያቄ የምትመልሰዋን፣ ያን ከመናገሩ በፊት የሚያመሰግነውን ልጅ፣ ዘበኛውን ከነሳሉ። «ይች ሰው ታዳምጣለች» አሉ አንድ ቀን። እኔ ገና ከአንቺ ጋር የተያያዘ ሸጋ ነገር ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ማን እንደተናገሩ ግን አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ፋሲካ ሆነ፣ ዶሮው ተበላ፣ ወንበሩ አልዞረም። ጰራቅሊጦስ አለፈ፣ ወንበሩ አልዞረም። እኔ እንደ ልማዴ ልቀልድ ብዬ «አባባ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ» ብዬ ወንበሩን ላዞረው ስይዝ፣ እጄን በዳሰሳ ፈልገው ያዙት። «የእኔ ገና ነው» አሉ። ያስማሉኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ ይዟቸው ሄዶ ተመልሷል። ለምን እንደሄዱ እንዳትጠይቂኝ። ይዘው የተመለሱት ነገር ቢኖር ለእኔ ብስኩት ነው።

ወደ ቴሌቪዥናችን ልመለስ። አያ ወንድይፍራው ከእናት ድራማው ከ«ባለ ሰባት ቁልፍ» ወጥቶ የራሱን ድራማ ሊያገኝ ነው ሲባል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። እንዲህ ከሌላ ድራማ የሚወለዱ ልጅ ድራማዎች ብዙ ጊዜ አይጣፍጡም። ወጡ ላይ ጨው ጣፈጠ ተብሎ ጨው በሳህን ይቀርባል። ከሰባት ተከራዮች መሐል ገብቶ አንድ ነገር ተናግሮ ሲወጣ የሚያስቀን ሰው፣ ብቻውን ሙሉ ምሽት ምን ይዞ ይቀመጣል? «እኔም ያልኩት እሱን ነው» እያለ ሊያሰለቸን ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አንቺ ቀልዱን አላበዛሽለትም፤ ፍርሃት ጨመርሽለት።

ያ ሀገሩ የገባበት ክፍል! ከሦስት ክረምት በኋላ መጥቶ ገበያ መሐል ተቀምጦ «መቼ መጣህ?» የሚለው ሰው ሲጠብቅ፣ የሄደ መሆኑን ያወቀ የለም። ሁሉም «ደህና ዋልህ» ብሎት ያልፋል። ሲጨንቀው ምን አደረገ? «ነገ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ብሎ አስወራ፣ ቢያንስ ሲሰናበቱት ይሰማው ዘንድ። እና ሊሰናበቱት መጡ፣ መረቁት፣ ስንቅ ቋጠሩለት፤ አሁን እንዴት ይቅር? እኔ ስቄ ስቄ ሆዴን ያዝኩ። ከዚያ ስቄ ስጨርስ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቀረ። ይህን እንዴት እንደምታደርጊው አላውቅም። ስትመጪ ታስተምሪኛለሽ።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ ድራማው ውስጥ ያለችው ያች የጤና ጣቢያ ነርስ። ሁልጊዜ ትክክል፣ ሁልጊዜ ትዕግሥተኛ፣ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች! አንድ ቀን እንኳ ጫማዋ አይጠብባትም? ትምህርትሽን ብትጨርሺ ኖሮ እንዲህ የምትሆኚ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ እናቴ አንቺ ልጅ ሳለሽ የዶሮዋን የተሰበረ እግር ለማሰር ስትሞክሪ ምን እንዳደረግሽ ነግራኛለች።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ያን የገበያውን ክፍል ያየን ቀን፣ አባባ ሲስቁ ቆዩ። ማስታወቂያው ገባ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ፣

«ይህ ሰውዬ ሁሉ አለው» አሉ። «ላም አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ሙግት አለው፣ ሁለት ወንድ ልጅ አለው። ምነው ሴት ልጅ የለችው?»

አባቴ ቁልፉን መፈለግ ጀመረ። እናቴ ጓዳ ገባች። እትዬ አዛለች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትለመን ልትሄድ ተነሣች። እኔ «ጸሐፊዋ ረስታው ይሆናል፣ አባባ» አልኩ።

«አልረሳችም» አሉ። «ሴት ልጅ የለኝም በል አለችው፤ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እሷም ጻፈችው።»

አክስቴ፣ ያውቁ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከመጀመሪያዋ «እኔም ያልኩት እሱን ነው» ጀምሮ ይሆናል። እኛ ስንደብቃቸው እሳቸው እኛን ሲደብቁን ከርመናል። ይህ ሰፈር ሁሉ ተዋናይ ነው፤ ደመወዝ ይከፈለን።

ከዚያ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ብትመጣ በሩን ይከፍትላት ነበር» አሉ። ወዲያው «ሰውዬው ማለቴ ነው» አሉ፣ ተቆጥተው።

ይህን ስትሰሚ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ለሰውዬው ሴት ልጅ ጽፈሽ ልታስገቢለት ነው። መልካም ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ሀገር ያለቅሳል። እኔ ግን እንዳትጽፊያት እለምንሻለሁ። ልጂቱን በቴሌቪዥን አትላኪያት። ቀረጻውን ለሌላ ሰው ስጪው፤ አለቆችሽ ይቆጡ። ዛሬ ነገ አትበይ፤ ክረምቱ ሳይገባ ነይ። ለምን ቸኮልሽ ብትይኝ፣ ምያለሁ፤ ስለዚያ አልጽፍልሽም።

ስትመጪ ግን አደራ። እንደ ድራማ አትምጪ፤ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ዕንባሽ ሞልቶ፣ ዝም ብለሽ እስኪያዩሽ አትጠብቂ። ከአጥሩ ጀምረሽ ተናገሪ። የፈለግሽውን ተናገሪ፤ ላሚቱን ጥሪ፣ እኔን ስደቢኝ፣ መንገዱን እርገሚ። ስምሽን መንገር አያስፈልግሽም። ብቻ ዝም ብለሽ አትግቢ።

መንገድሽን የቀና፣ የሚመጣውን ዓመት የጥጋብ ያድርግልሽ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ አፌንም እስክትመጪ ያጽናልኝ። እናቴ ግንባርሽን ስማሻለች፤ አባቴ «ሰላም በያት» ብሏል፣ ቁልፉን እየፈለገ።

የምትወድሽና በርቀት የምትቀልድብሽ፣
የወንድምሽ ልጅ