ከሱቃችን ደጃፍ ስለተቆፈረው ቦይና ቦዩ ስላመጣልን ሙሽራ

ነሐሴ 2007 ዓ.ም.
ጎንደር፣ ፒያሳ

ለተከበሩ የፋይበር መስመር ዝርጋታ ሥራ ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው? ጉልበትዎና ወገብዎስ እንደምን ነው? የእኛን ከጠየቁን፣ ከሰኔ ወዲህ ቦይ ስንዘል ከርመን፣ አላህ ይመስገን፣ እንደ ሚዳቋ ቀልጥፈናል። ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍሁት ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ከቢሮዎ ስመላለስ አንድ ጊዜ ስብሰባ፣ አንድ ጊዜ መስክ፣ አንድ ጊዜም «አሁን ገና ወጡ» ስለተባልሁ፣ ያሉበትን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ያደርስልኛል ብዬ ነው።

እኔ ፈህሚያ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከኸሊልና ከልጃችን ከሐዲጃ ጋር ፒያሳ ላይ ጨርቅ እንሸጣለን። መሥሪያ ቤትዎ የዋለልንን ውለታ በየተራ ልዘርዝርልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ቦዩ አመሰግናለሁ። በሰኔ መጀመሪያ ሠራተኞችዎ መጥተው «እናታችን፣ ፋይበር ልናስገባላችሁ ነው፤ ዛሬ ቆፍረን ነገ እንደፍነዋለን» ሲሉን፣ ደስ ብሎን ሻይ አፍልተን አጠጣናቸው። እነሱም ቦዩን ልክ ከሱቃችን ደፍ ሥር አሳለፉት፤ ቱቦ አጋደሙበትና ሄዱ። ያ «ነገ» ይኸው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ከማክሰኝት ለልጇ ልብስ ልትገዛ የመጣች ወለተ ሚካኤል የምትባል የቆየች ደንበኛዬ ከወዲያ ማዶ ቆማ «ምነው ፈህሚያ፣ ዓባይን ማን ወደዚህ አመጣው?» አለችኝ። ጨርቁን ከወዲህ ሆኜ እየዘረጋሁ አሳየኋት፤ የወደደችውን ወረወርሁላት፤ እሷም ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ወረወረችልኝ። በእርስዎ ቸርነት በነጋዴነታችን ላይ በረኛነት ጨምረናል።

ሁለተኛ፣ ድንኳን ስላለመስጠትዎ አመሰግናለሁ። ሳሊም የሚባለው ሠራተኛዎ ሥራው እንደ ፀጉር የቀጠነውን የመስታወት ክር ጫፍ ለጫፍ በማሽን ማገጣጠም ነው። ይህ ሥራ ጠብታ ውሃ እንደማይወድ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ሆኖም በሌላ በኩል ለፒያሳ ባንኮች የሚሄደውን መስመር እንዲያገጣጥም በጎንደር ክረምት ያለ ድንኳን ላኩት። ልጁም ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ከሱቃችን ጎን ካለው ታዛ ተጠጋ፤ ሐዲጃም አዝና ጃንጥላ ያዘችለት። በማግሥቱም ዘነበ። በሣልስቱም ዘነበ። ዘንድሮ ክረምቱ እንዴት ደግ ነበር! ከመስታወቱ ክር ሌላ ምን እየተገጣጠመ እንደሆነ፣ እናት ነኝና፣ ከሰው ሁሉ በፊት አየሁ።

ሳሊም ጨዋ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱ መጥቶ ኸሊልን አነጋገረው። ባለቤቴ በቦዩ ነገር ሲቃጠል የከረመ ሰው ስለሆነ፣ ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ሲሰማ ዐይኑ ቀላ።

«የቆፈረውን ያልደፈነ ሰው ነው ትዳር የሚያቆመው?» አለው።

«አባባ፣ እኔ የማገጣጥም እንጂ የምቆፍር አይደለሁም» አለ ልጁ።

«ቆፋሪውስ ማነው?»

«እሱን የሚያውቁት ኃላፊው ናቸው።»

«ኃላፊውስ የት ናቸው?»

ሳሊም ወደ ቢሮዎ አቅጣጫ ጠቆመ። እኛም ከዚያ ፈልገን አላገኘንዎትም። ኸሊልም «ከዚያ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ወላሂ ይህን ደፍ አይረግጣትም!» ብሎ ማለና ልጁን አሰናበተው።

ሐዲጃ አንዱን ጨርቅ ስታጥፍ፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስታጥፍ ትውል ጀመር። እራት ሳቀርብላት «ጠግቤአለሁ» ትለኛለች። ሳይበላ የሚጠግብን ሆድ እናት ታውቀዋለች። ቀልዴን እዚህ ላይ ለጥቂት ላቆየውና፣ ያን ሰሞን በዱዓዬ መካከል ሳይቀር አስቤዎታለሁ። ምን ብዬ እንዳሰብሁዎ ግን በደብዳቤ አይጻፍም።

ሦስተኛ፣ ቦዩን ሳይደፍኑ ስለተዉልን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ሳልወድ በግዴ ከልቤ ነው።

ዒድ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት መልስ፣ ሳሊም የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ሐጂ ዐብዱልከሪም ነበሩ፤ የእህል ነጋዴ፣ ኸሊል እንደ አባቱ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ኸሊል ግን እምቢታውን አዘጋጅቶ፣ ቤት ሳያስገባ ከደጅ ሊመልሳቸው ደፉ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፤ ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ ከመንገዱ ጋር አንድ አድርጎታል። ሐጂ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው እግራቸውን ሲያነሡ አየኋቸው፤ ሲያሳርፉ ግን አላየሁም። እስከ ደረታቸው ገብተዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ ሊስባቸው ጎንበስ ሲል እሱም ተከተላቸው። ሦስተኛው ጃንጥላውን እንደያዘ ከዳር ቀረ።

ኸሊል እምቢታውን ጥሎ እየጮኸ ሮጠ። «ሐጂ! እጅዎን! እጅዎን ያምጡ!»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ከጭቃው መካከል ሆነው፣ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ረጋ ብለው «የለም ልጄ» አሉ። «ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እኛ ደግሞ እሺ ሳንባል አንወጣም።»

«ሐጂ፣ ይታመማሉ እኮ!»

«ከታመምሁ አንተ ታስታምመኛለህ።»

በየታዛው የተጠለለው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ባጃጅ ነጂዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ወረዱ። «ኧረ አያ ኸሊል፣ እሺ በላቸው!» የሚለው ጩኸት ከዚህም ከዚያም መጣ። ኸሊል ወደ ሰዉ ዞረ፤ ወደ እኔ ዞረ፤ በመጨረሻ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ጨርቋን ደረቷ ላይ አጣብቃ የቆመችውን ልጁን አያት።

«መሐላዬስ ሐጂ?» አለ ድምፁ ለስልሶ።

«ለመሐላህ ከፋራ አለው፤ ምስኪን ታበላለህ። ለልጅህ ኀዘን ግን ከፋራ የለውም።»

ኸሊል ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲያደላ አይቻለሁ፤ ዝናብ ነው ቢልም አልተቀበልሁትም። «እሺ! እሺ ብያለሁ! ውጡልኝ!» አለ። ፒያሳ በእልልታ ተናወጠች። ሐጂን አጥበን፣ የደረቀ ልብስ ሌላ ስላልነበረን፣ ለሙሽሮች ያመጣነውን ወርቀ ዘቦ ጠቀለልንባቸው። የዚያን ቀን ውበታቸውን እርስዎም ቢያዩት ኖሮ!

ባለቤቴ በነጋታው ከፋራውን አውጥቶ ሳሊምን በእጁ ይዞ ደፉን አሻገረው። ቦዩንም ሳሊም፣ ኸሊልና የጎረቤት ጎልማሶች አካፋ ይዘው ደፈኑት።

አራተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። አደባባዩ ላይ «ፈጣኑ ኢንተርኔት ከደጃፍዎ ደረሰ!» የሚል ሸራ ሰቅለዋል። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ጎንበስ ብለን ያየነው ቱቦ ግን ገመድ የሌለው ባዶ ነበር፤ እስካሁን በእሱ መልእክት ሲለዋወጡ የሰማናቸው እንቁራሪቶች ብቻ ናቸው። ፍጥነታቸውን ግን አልነቅፍም።

ሌላም ቅሬታ ነበረኝ፤ አማች ሆነናልና ትቼዋለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ገመዱን ይዘው ሲመጡ አስቀድመው ይንገሩን፤ ከታችኛው መንደር ሦስት ያላገቡ ልጆች ስላሉ፣ ቦዩን በእነሱ ደጅ ቢያሳልፉት እናቶቻቸው ይመርቁዎታል።

ዕድሜዎ እንደ ቦይዎ የረዘመ፣ በርዎ እንደ ቦይዎ ለሁሉ የተከፈተ ይሁን እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ፈህሚያ፣ የጨርቅ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳሊም ለሠርጉ የዕረፍት ፈቃድ ደጋግሞ ጠይቆ ከቢሮዎ ምንም መልስ አላገኘም። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ለኒካሕ ፈቃዷን ስትጠየቅ ዝም ካለች፣ እሺ እንዳለች ይቆጠራል። ሐዲጃ ስትጠየቅ ዝም ብላለች፤ እርስዎም ዝም ብለዋል። ስለዚህ ሠርጉን ለመስከረም ቆርጠናል፤ እርስዎም ሐዲጃም እንኳን ደስ ያላችሁ።