ውቂያና ፍጻሜ በአንድ ማክሰኞ

ውድ ወንድሜ ሙሰብ፣

እማ «ደህና ነን በይው» ብላኛለች። እነሱ ደህና ናቸው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

በስልክ ልነግርህ አልችልም። የእኛ ስልክ ሱቅ ውስጥ ነው፣ አጎቴ አማን ደግሞ ሲያወራ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። አንተ ታውቀኛለህ፤ ሰው እየሰማኝ ያሰብኩትን መናገር አልችልም። አሁን አባባ ለዙሁር ሶላት ሄደው ሱቁ ተዘግቷል። የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጫለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፣ ፊደል ብስት አትሳቅብኝ። ደብዳቤውን ለአጎቴ በምንልከው የሳሙና ካርቶን ውስጥ አደርገዋለሁ።

ከሐሙሲት ቡድን ጋር የተጫወታችሁ ዕለት አባባ «ነገሩ እስኪበርድ» ብለው አንበሳሜ አጎቴ ጋ ከላኩህ ጀምሮ፣ ሱቃችን በር ላይ ያለው አግዳሚ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ገመድ ሊገዛ የመጣውም ጆንያ ሊገዛ የመጣውም ስላንተ ሳያወራ አይሄድም። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ስኳር እየመዘንኩ እሰማለሁ። እህትህ መሆኔን የረሱት ይመስለኛል።

የወፍጮ ቤቱ አንለይ እንደምታውቀው ላንተ ሟች ነው። ያለ ሙሰብ አማካያችን በሩ የተከፈተ ቤት ነው ይላል። ኳስ ስትይዝ ሦስት ሰው ይከተልሃል፣ የቀሩት ልጆች የሚጫወቱት አንተ በከፈትክላቸው ቦታ ነው። ኳስ ስትነጠቅም እንደ ሌሎቹ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ አትቆምም፣ ተመልሰህ ከእግራቸው ሥር ትወስዳለህ። ፀጉር ቆራጩ የኋላሸት ደግሞ ይህን ሲሰማ ያመዋል። ሁለት ኳስ ነጥቆ አንድ ቅጣት ምት የሚሰጥ አማካይ ምን ይጠቅማል ይላል። ዘንድሮ ከገቡብን ጎሎች ብዙዎቹ አንተ ካጠፋሃቸው ጥፋቶች የመጡ ናቸው፣ በፍጻሜውም የምንገጥማቸው አዲስ ዘመኖች ትንሽ ከነካኩህ ቀይ ካርድ አይተህ በአሥር ሰው ታስቀረናለህ።

አንድ ቀን አንለይ በዚህ ተናደደና «እስቲ ጆሮ ሳይነካ የሚቆርጥ ፀጉር ቆራጭ አሳየኝ» አለው።

«እኔ ጆሮ ብነካ ይቅርታ እላለሁ» አለ የኋላሸት። «ያንተው ሰው እኮ መቁረጡን ነው የሚቀጥል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሐሙሲቱ ጨዋታ ዕለት ማልያህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደሙ ክርንህ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር። ሳሙና ደጋግሜ ብቀባውም ደብዘዝ አለ እንጂ አልለቀቀም። ለኳስ ስትዘል ክርንህ ተከላካያቸውን በእውቀቱን ፊቱን እንደመታው፣ ዳኛውም በቢጫ ካርድ እንዳለፈህ ሰምቻለሁ። «ሆን ብሎ ነው»፣ «አይደለም» እያሉ የሚከራከሩት ያንን ማልያ ከሩቅ ሜዳ ላይ ነው ያዩት፤ እኔ ግን ደሙን በእጄ አጥቤዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት እኔም የማላምነው ነገር ሆነ። ስንት አገባ፣ ስንቱን አቀበለ እየተባባሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሳለ አፌ ተከፈተ።

«የተመታው ልጅ ምን ላይ ነው?» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንለይ የኋላሸትን አየ፣ የኋላሸት መሬቱን አየ። የሚያውቅ አልነበረም። ገመድ ሊገዙ መጥተው ዳር ላይ የቆሙት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው የመለሱልኝ። ሐሙሲት ዘመድ አላቸው።

«መንጋጋው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ ልጄ» አሉኝ። «በቱቦ አጥሚት ይጠጣል።»

አባባ ሚዛኑን አስቀመጡና ሱቁን ዘጉ።

በማግስቱ አባባ፣ መሪጌታ፣ እማና እኔ ሐሙሲት ሄድን። እማ ስኳርና ጭማቂ ይዛ ነበር። የልጁ አባት አበረ ይባላሉ፣ ገበሬ ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መደብ አንጥፈው አስቀመጡን። መሪጌታ ስለ ካሣ ሊያነሱ ሲሉ አቶ አበረ በእጃቸው ከለከሉ። ሩዛቸው ታጭዶ ተከምሯል። በሰፈሩ ወንፈል ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየቆመ የሁሉንም በየተራ ይወቃል፤ ማክሰኞ የእሳቸው ተራ ነው። ማክሰኞ ካለፈ ሌላው ሁሉ እስኪዳረስ መጠበቅ ነው። ከእሳቸው ቤት የሚቆመው በእውቀቱ ነበር።

«ልጅዎ የልጄን ቦታ ይዞ ይዋል» አሉ ለአባባ። «ሳይጎተት፣ በራሱ እግር ይምጣ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉ። ስንወጣ ግን የበእውቀቱ የአጎት ልጅ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀን። አንተ ማክሰኞ ኳስ ሜዳ ከታየህ ሆን ብለህ እንደመታኸው አወቅን ማለት ነው አለ። አልጮኸም፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። አባባ ዕቃ ለማምጣት ባሕር ዳር ሲመላለሱ በሐሙሲት እንደሚያልፉ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ሲዘገዩ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ ፍጻሜው መሆኑ ትዝ ብሎን ንግግሩ የገባን ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይጋጭም ነበር፤ ጨዋታ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ እነሱ ደግሞ በሰንበት አይወቁም። ዘንድሮ ግን ሜዳው ላይ ሩዝ ስለተሰጣ፣ ሩዙ እስኪነሳ ተብሎ ፍጻሜው ወደ ማክሰኞ ተገፋ።

ወሬው አግዳሚው ጋ ሲደርስ የሆነውን ብታይ። ስትነቀፍ የከረምከው በየኋላሸት አፍ አልነበር? እሱ ራሱ «ያለ ሙሰብማ ዋንጫውን በሰሃን አድርገን እንስጣቸው» አለ። ዋጋህን ያወቀው ልትቀር ስትል ነው። አንለይ በአንተ ፋንታ ከወፍጮ ቤት ሁለት ጉልበተኛ ጫኞች ልላክላቸው አለ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያስ እስከ ምሳ ይውቃና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫወታል አለ።

«እብቁን የሚወስደው ነፋስ ከሰዓት ነው የሚነሳው» አሉት መሪጌታ። «ክምሩን አስረግጦ፣ ሳያዘራ ጥሎ የሄደ ሰው ዋለ ይባላል?»

አንለይ ግን ሐሳቡን አልተወም። ትናንት የባለ ወፍጮውን ሞተር ሳይክል ለምኖ አግኝቷል። ማክሰኞ ጠዋት አንበሳሜ መጥቶ ወደ ጨዋታው ይወስድሃል። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይወድሃል፤ የሚወድህ ግን ኳስ ስትይዝ ነው። አባባ ደግሞ «በራሱ እግር» የሚለውን ቃል ስለተቀበሉ ደግመው አይደውሉልህም። አንዴ ነገሩህ፣ አንተም «አያለሁ» አልክ። እኔ ያንን «አያለሁ» ስኳር ስመዝንም ልብስ ሳጥብም አገላብጬ አገላብጬ ደክሞኛል።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ወንዶቹ ሲነጋገሩ ጭማቂውን ለበእውቀቱ ያደረስኩለት እኔ ነበርኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ካንተ ያንሳል፤ ጢሙ ገና ነው። ጥርሶቹ ስለታሰሩ ቃሉ በደንብ አይወጣም።

«ሆን ብሎ ነው?» አለኝ።

በቁጣ አይደለም። ማወቅ ፈልጎ ብቻ ነው። አይደለም ልለው ፈለግኩ፣ ግን አልቻልኩም። አንተን ስለማውቅህ ነው ያልቻልኩት። ክረምት ውሃው ሰፈራችን ሲገባ አዝለህ ታሻግረኝ ነበር፣ ውሃ የረጨብንን ልጅ ሁሉ አውርደኸኝ ትመታ ነበር። ከዚያ እጅህን እያየህ ታለቅሳለህ። ሜዳ ላይም እንደዚያው ነህ ይመስለኛል። ከመታህ በኋላ ነው መምታትህን የምታውቀው። ግን ይህ የእኔ ግምት ነው። ያንተን መልስ እኔ ልሰጠው አልችልም። ቱቦውን ወደ ጭማቂው አስተካከልኩለትና መሬት መሬት እያየሁ ተመለስኩ።

ሙሰብ፣ አለመጫወት ላንተ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ለፍጻሜው ብለህ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሮጠሃል፤ በር የምከፍትልህ እኔ ነበርኩ። ባሕር ዳር ካሉ ቡድኖች ሰው መጥቶ ያያል ሲባልም ሰምቻለሁ። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። እውነት ከሆነ ምን ያህል እንደሚያስቆጭህ ሳስብ እኔንም ያመኛል። ቢሆንም ያለ አንተ ሊሸነፍ የሚችለው ቡድኑ ነው፤ ዓውድማው ላይ ካልቆምክ ግን በሐሙሲት በኩል የሚያልፉት አባታችን ናቸው። አንተም እስከ መቼ አንበሳሜ ትቀመጣለህ?

እኔና እማ ማክሰኞ በማለዳ ለወንፈሉ ሰው ምግብ ልናግዛቸው እዚያው ቤት እንሄዳለን። የነቢያት ጾም ስለሆነ የሚቀርበው ሽሮ እንጂ ሥጋ አይደለም፣ በምግብ አትቸገርም። የሩዝ እብቅ ያሳክካል፣ እጀ ረጅም ልበስ። አሮጌውን ሱሪህን እኔ ይዤልህ እሄዳለሁ። በእውቀቱ ዓውድማው ዳር ይቀመጣል ብለዋል። የጠየቀኝን አንተ ንገረው፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን አንተ ንገረው።

ከአንበሳሜ ወደ ወረታ የሚመጣ ሰው በሐሙሲት ነው የሚያልፈው። እማን አስፈቅጄ ጠዋት አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ይኖራሉ፣ ሁሉም ያየኛል። ከአሁኑ ፈርቻለሁ። የአንለይን ሞተር ሳይ ግን ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። በመንገድ ላይ ሰው ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም፤ ድምፄ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም፤ አንተ ብቻ ስማኝ። «አቁም» በለውና ውረድ።

እየፈራች የምትጠብቅህ እህትህ
ራህመት ሳዲቅ
ወረታ፣ ታኅሣሥ