ሰው ለማስታረቅ ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ?

ወንድምዓለም፣

‹ይቺ ልጅ ተመርቃ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀራትና ነው ትምህርት የምትለው? ሰው ለማስታረቅስ ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ?› ሳትል እንዳልቀረህ አውቃለሁ። እመልስልሃለሁ፤ ሰላምታዬ ግን ይቅደም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህን እንዴት አደረገህ? አሁንም መኪና ሥር በጀርባህ ትገባለህ ወይስ የጎረቤታችንን የነርሷን ምክር ሰምተህ ለሌሎቹ መካኒኮች ተውክላቸው? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እትዬስ አንተንም ልጃችሁንም ችላ እንዴት ናት? ሚጢጢስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች ወይስ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት።

ስልኩን ከዘጋህብኝ ወዲህ አላናገርከኝም። በደወልኩ ቁጥር እትዬ ታነሳና ‹ጋራዥ ነው›፣ ‹ተኝቷል›፣ ‹አሁን ወጣ› ትለኛለች። ምስኪን፣ ውሸት አትችልበትም፤ እሷ ‹ወጥቷል› ስትለኝ አንተ ከኋላዋ ስትስል ይሰማኛል። ሥራ ባገኘህልኝ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊት ‹እህቴ ትመጣለች፣ ሒሳብ አዋቂ ናት› ብለህ ቃል ከሰጠህ በኋላ አልመጣም ማለቴ እንዳሳፈረህ ይገባኛል። ለኃላፊው ራሴ ጽፌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ላንተ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፤ ስለዚህ ኑሮዬን እንዳለ ልንገርህ።

ቀን ቀን ፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማሽኑ ወረቀት ሲውጥ ባለቤቱ ጥገና ልጥራ ሲል እኔ ሆዱን ከፍቼ እጄን እከታለሁ፤ ያንተ እህት መሆኔ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከሥራ መልስ ክፍሌ ገብቼ ላፕቶፔን እከፍትና እማራለሁ። አብረውኝ የሚማሩት በየአገሩ የተበተኑ ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ እንደ ክብሪት ሣጥን ተደርድረን እንተያያለን፣ አንዷ ልጇን ታቅፋ፣ አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ። እንዳንረባበሽ የሁላችንም ድምፅ ይዘጋል፤ ተራው የደረሰ ብቻ ይከፍታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም እጁን እያወዛወዘ ይጠፋና ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ብቻ ይቀራል። እሑድን ከማንም ጋር ሳልነጋገር ስለምውል ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት ገብቼ ‹እንደምን አደርሽ› ስል ድምፄ ይሻክራል። ሻጯ አንድ ቀን ‹ጉንፋን ይዞሻል መሰለኝ?› አለችኝ። ‹አዎ› አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

የምማረው ማኅበራዊ ሥራ ነው፤ በተለይ የማኅበረሰብ ፍትሕ የሚሉትን። ሰው ሲበደል አጥፊውን ይዞ ለመቅጣት ከመቸኮል በፊት፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ቢደረግ ይሽራል ብሎ ሁለቱንም ማነጋገር ማለት ነው። ለልምምድ የሰፈሩ የሽምግልና ቢሮ መደቡኝ። ኃላፊዋ ችኮላ አትወድም። ሠራተኛው ‹ወይዘሮ ቀስ› ይላታል፤ እሷም ታውቃለች።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ጉዳዬን ሰጠችኝ። ባለጉዳዮቹ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሱ አናጢ፣ እሷ ልብስ ሰፊ። አናጢው ‹የስፌት መኪናሽ ድምፅ ራሴን አዞረው› ብሎ በንዴት የመብራት ሽቦዋን ቆርጦባታል። እኛ ጋ ከተስማሙ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ካልተስማሙ ሰውየው ፍርድ ቤት ይቆማል። ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩና ‹አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል› አልኳቸው። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ ያለውን ዘረገፈችው። የአናጢው ተራ ደረሰ። ዝም። አቀርቅሮ መዳፉን ያያል። እኔ ጨነቀኝ፤ ከአፌ ምን ቢያመልጠኝ ጥሩ ነው? ‹ጋሼ፣ ድምፅዎ ተዘግቷል፤ ይክፈቱት እባክዎ!›

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አናጢው ቀና ብሎ ‹ምነው ልጄ፣ ሬዲዮ መሰልኩሽ?› አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። ‹ምነው በሆንክ! ሲያሰኘኝ አጠፋህ ነበር› አለችው። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወይዘሮ ቀስ በዓይኗ ‹ተዪ፣ ጠብቂ› አለችኝ።

ጠበቅኩ። ሽቦው ለካ ሰበብ ኖሯል። ‹ሚስቴ ሆስፒታል ስትተኛ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ› አላት። ‹አንቺ ግን ግድግዳ ተጋርተሽን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልሽም።› የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። በራፉ ድረስ መጥታ መመለሷን፣ ምን እንደምትል ጠፍቷት እንደነበር፣ ቀኑ በራቀ ቁጥር ደግሞ ‹እስከዛሬ የት ነበርሽ› እንዳይላት መፍራቷን ነገረችው። ‹ምንም ባትይስ? ገብተሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?› አላት። እንደምታስበው አልተቃቀፉም። እሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቶ ሽቦውን ሊያስጠግን፣ እሷ መኪናዋን ወደ ማዶው ግድግዳ ልታዞር ተስማሙና ወጡ። ደረጃው ላይ ግን ‹ለመሆኑ አሁን እንዴት ሆነችልህ?› ስትለው ሰማሁ።

ወንበሮቹን ስመልስ ብቻዬን ነበርኩ። ደስታው ሊያፈነዳኝ ደረሰ፤ ለሰው ካልነገርኩ አልችልም ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ የማን ስም ላይ እንዳረፈ ታውቀዋለህ። እትዬ አነሳችና ‹ወጥቷል› አለችኝ። ደህና ዋይ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሒሳብን ጠልቼ አይደለም ወንድምዓለም። ቁጥር ታዛዥ ነው፤ ሰው ግን እንደ አናጢው ነው፣ ውስጡን እስኪያወጣ መጠበቅ አለብህ፤ እኔ ደግሞ ያ መጠበቅ ደስ ይለኛል። ብቸኝነቱን አልክድህም። አንዳንዴ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣና አቧራውን ጠርጌ መልሼ አስገባዋለሁ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ግን እዚሁ ነኝ። እምቢ ብትለኝ እችለዋለሁ፣ እንከራከራለን። ዝም ስትለኝ ግን የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ በደንብ እየበላች ነው በላት፤ ይህ እውነት ነው። እትዬን ስለላከችልኝ ሹራብ አመስግንልኝ፤ እጅጌው ረዝሞብኛል፣ ግን ስጽፍ ጣቶቼን ያሞቅልኛል። ሚጢጢ አክስት እንዳላት እንዳትረሳ ፎቶዬን አሳያት። ነርሷንም፣ የጋራዡን ሰዎችም አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ።

አንተ ደግሞ እባክህ ወረቀት አንሣ። መርዘም የለበትም። ገና ከተቆጣህ ቁጣህን ጻፍልኝ፤ ስድብም ካለበት አንድም ቃል ሳልዘል አነበዋለሁ።

እህትህ

ከፎቶኮፒ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.