የመዳቡን ቀለበት አሠራር ሳይነግሩን ለቀሩት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ፣

ባሉበት ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ የድምፅ ማጉያዎም ባትሪ የማያልቅበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በመድኃኒት ቤት የምሠራ አንዲት ተመልካችዎ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ።

በቤቴ ሁለት አዛውንት አሉ። አባቴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። በሠርጋችን ዕለት በወንበር አቀማመጥ ተቀያይመው፣ ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት በአንድ ሳሎን ከተቀመጡ በኋላ፣ ጣቢያዎ ከሩቅ ኮከብ ስለመጡ እንግዶች የሚተርከውን ያንን የድሮ ተከታታይ ፊልም ማሳየት ጀመረ። እንግዶቹ በመዳብ ቀለበት መካከል ይቆማሉ፤ ቀለበቱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ሌላ ፕላኔት ላይ ብቅ ይላሉ። እንዴት? ስንት አስታራቂ ያልቻላቸውን አባቶች ይህች ጥያቄ አፋቸውን አስከፈተቻቸው።

አባቴ ቀለበቱ ሰውን እንደ አሮጌ ኮት ተርትሮ ወዲያ ማዶ መልሶ ይሰፋዋል አሉ። አማቴ ደግሞ ያለ መንገድ የሚሄድ ነገር የለም፣ ቀለበቱ መንገዱን ያሳጥራል እንጂ ተሳፋሪውን አይነካም ብለው ድርቅ አሉ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ፤ አንድ ቀን እንዲያውም የሳሎኔን መጋረጃ ለማስረጃ ተረተሩት።

አንደኛ፣ የእንግዶቹ መሐንዲስ ስለ ቀለበቱ ልታስረዳ አፏን በከፈተች ቁጥር የፍራሽ ማስታወቂያ ስለሚያስገቡልን አመሰግናለሁ። የቀለበቱን ነገር ባናውቅም በስፖንጅ ጥራት ቤተሰባችን ሊቅ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ከማስታወቂያ የተረፈውን ማብራሪያ ተርጓሚዎ «ነገሩ ውስብስብ ነው» ብሎ ስለሚገላግለን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያን ሁሉ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ሦስት ቃል ብቻ የሚያወጣ የመሐንዲሷ አፍ፣ እሱም የባዕድ ጥበብ ነው ብለን ተቀብለናል።

ሦስተኛውን ግን በአጭሩ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚህ መካከል ለአባቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ልብስ ሰፊ ናቸውና፣ የተተረተረ ጨርቅ መልሶ ቢሰፋ የመርፌው ቀዳዳ እንደማይጠፋ ያውቃሉ። «ተኝቶ የሚገባው እኔ ነኝ፤ የሚነሣው ማን ነው?» እያሉ ይብሰለሰሉ ጀመር። መሐንዲሷ ቀለበቱን ፈትታ የምታሳይበት የመጨረሻው ክፍል በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ እንደሚተላለፍ ጣቢያዎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነግር ስለነበር፣ በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ሥር ተሰበሰብን። መሐንዲሷ መፍቻዋን አነሣች። ያን ጊዜ እርስዎ ብቅ አሉ፤ ስለ ጣቢያው የምሥረታ በዓል ንግግር ሊያደርጉ። በየትኛው ቀለበት በኩል እንደገቡ እስካሁን አልደረስንበትም።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አማቴ ወንበራቸውን ወደ አልጋው ሳቡና፣ «እኔ ይህን ፊልም በወጣትነቴ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ» አሉ። ዘመናቸውን ሁሉ የማታ ፈረቃ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከቴሌቪዥን ጋር የተዋወቁት በጡረታ ነው። «ቀለበቱ መንገድ ነው። የገባው ያው ይወጣል።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አሉ አባቴ።

«ሾፌር ተሳፋሪውን መንገድ ላይ ሲቀይር አይተው ያውቃሉ?»

አባቴ መብራቱን እንዳጠፋላቸው ለመኑኝ።

በማግሥቱ ሐኪሞቹ ከፈቱ፣ ጠገኑ፣ ሰፉ። አባቴ ዓይናቸውን ሲገልጡ አማቴ ጎንበስ ብለው «ማን ነዎት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አባቴ ከንፈራቸውን አርሰው፣ «እርስዎን የማልወድዎት ያው ሰው ነኝ» አሉ።

አማቴ ወደ ኮሪደሩ ወጡና ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያንን ክፍል አሳይተውን ቢሆን ኖሮ አማቴ ባልዋሹ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬ ግማሹ የእውነት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለአስተዋይነትዎ እተዋለሁ።

ከፍራሽ ወደ ፍራሽ በትዕግሥት የምከተልዎት፣
ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለንግግርዎ ግን አጭር የምመኝልዎት፣
የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የሾፌሩ ምራት

ማስታወሻ፦ በዚያ የንግግርዎ ምሽት የሕሙማኑን ክፍል ሊጎበኙ የመጡት የማደንዘዣ ሐኪም፣ የቀሩት ሕሙማን ሁሉ ያለ መርፌ ድብን ብለው መተኛታቸው አስደንቋቸው የንግግርዎ ቅጂ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝና እባክዎ ልኩን ጭምር ይላኩልን፤ ሲበዛ የሚገድል ይመስለኛል።