ሱሞ የተባለው ነገርና የመተማው የመምህርነት ቦታ

ለውድ አባቴ ለአቶ ደመቀ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ በክረምቱ ጠናብዎት ወይስ ተሻለዎት? እማማስ ዓይኗን ታከመች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ያልለመድኩት አቧራውን ብቻ ነው። አክስቴ ሸዋአለምም ደኅና ናት።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ እዚያ የምትሠሪው ምንድን ነው? ብርጭቆ ማጠብ ነው ወይ?» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ብርጭቆም አጥባለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን እዚህ ኸርቱም ዐማራት የሚባል ሰፈር ያለው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ዶክተር ፋሪሃ ከፋሲካ ወዲህ ዋናውንም ሥራ ታስነካኛለች።

የምናጠናው ሱሞ የሚባል ፕሮቲን ነው። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ሲሆን፣ ሥራው ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ላይ መለጠፍ ነው። እርስዎ ጉምሩክ ሳሉ የተፈተሸ ጭነት ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ አልነበር? እንደዚያ ይመስላል። የተለጠፈበት ፕሮቲን ቦታ ይቀይራል፣ ወይም ሥራ ይጀምራል፣ ወይም ያቆማል። ምልክቱን መልሰው የሚያነሱ መቀስ መሰል ፕሮቲኖችም አሉ። ሕዋሱን ስንሰብረው እነዚህ መቀሶች ይለቀቁና እኛ ሳናይ ሱሞውን ገፈው ይጨርሱታል። ስለዚህ የሚያደነዝዛቸው መድኃኒት እንጨምራለን።

ዶክተር ፋሪሃ አንድ ፕሮቲን ሰጥታኝ፣ ሱሞ የሚለጠፍበት መሆን አለመሆኑን በደንብ ለይቼ ካሳየኋት ረዳት ተመራማሪ አድርጋ እንደምትቀጥረኝ ነገረችኝ። ምልክት ያለበት ስለሚከብድ፣ ፕሮቲኖቹን በክብደት ለይተን በምናነሣበት ፊልም ላይ ከፍ ብሎ ሌላ ጥቁር መስመር ያወጣል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የታችኛው ብቻ ነው የሚወጣው። አብሮኝ የሚሠራው ሂሻም አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና መድኃኒቱን መቼ እንደበጠበጥኩት ጠየቀኝ። ትናንት የተረፈኝ ነው አልኩት። «አንቺ ልደት፣ ወላሂ ወጥ መሰለሽ እንዴ፣ ሲያድር የሚጥም!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ለካ ውሃ ውስጥ ካደረ ጉልበት የለውም። ተጽፎ አንብቤው ነበር፤ ግን እማማ የተረፈ መድፋት ነውር ነው ብላ አይደል ያሳደገችኝ፣ እጄ አልደፋ አለ። ዶክተር ፋሪሃ አልሳቀችም። «ያላ፣ በይ እንደገና» ብቻ አለችኝ። አዲሱ ፊልም ሐሙስ ይወጣል።

የመተማው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጋሽ ሰብስቤ የባዮሎጂ መምህርነቱን እስከ መስከረም ይዘውልኝ እንደሚቆዩ ነግረውኛል። መጀመሪያ ያሰብኩት ሐሙስን አይቼ ልጽፍልዎ ነበር፤ መስመሩ ከወጣ ልቀር፣ ካልወጣ ልመጣ። ኋላ ሳስበው፣ ባይወጣ መተማ ቁጭ ብዬም ለምን አልወጣም ስል የምውል ነኝ። ምናልባት ፕሮቲኑ ሱሞ አይለጠፍበት ይሆናል፤ እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው። ዶክተር ፋሪሃ ባትቀጥረኝም ብርጭቆውን እያጠብኩ እቆያለሁ። ስለዚህ አባባ፣ ጋሽ ሰብስቤን አመስግነው ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት ይበሉልኝ። እርስዎ ለምነው ያገኙልኝ ቦታ እንደሆነ አልጠፋኝም።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ሚኪያስ ኬሚስትሪውን እንዳይተው ይምከሩት። ጎረቤታችንን እትዬ ካሳነሽን ከነልጆቻቸው ሰላም ይበሉልኝ፤ አክስቴም ሁላችሁንም ናፍቃለች። ይህን የሚያደርስልዎ ሹፌሩ በየነ ሰኞ ተመላሽ ነው። በእሱ እጅ ይጻፉልኝ፤ ቁጣም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ልደት ደመቀ
ኸርቱም፣ ሳጃና
ነሐሴ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.