በሁለተኛው ቀን የቆመው መድኃኒት

ይድረስ ለወንድሜ። ሥራህ እንዴት ነው፣ ጤናህስ? እኛ ደህና ነን፤ ሚስትህም እያገገመች ነው።

ልጅህ እንደሰማኸው በሰባት ወር ቸኩላ መጣች፤ በዚህስ አንተን አልመሰለችም፣ ለሠርግህ እንኳ ዘግይተህ የደረስክ! ሆስፒታል፣ የሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች። በማግስቱ ትንፋሿ ቢዛባ ሐኪሟ «ኢንፌክሽን ጠርጥረናል» ብላ፣ የደም ምርመራው እስኪደርስ አንቲባዮቲክ አስጀመረቻት። እኔም ቤት ገብቼ መጋረጃዎቹን አጠብኩ። ንጹሕ ነበሩ፤ ደግሜ አጠብኳቸው።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ነርሷ የመድኃኒቱን ቱቦ ስትነቅል ደረስኩ። ፊደል የለየሁት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «የጀመሩትን መድኃኒት ሳይጨርሱ አያቋርጡ» ከሚል ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እጇን ያዝኩ።

«ምነው ልጄ፣ ገና በሁለት ቀን? የጀመሩትን ሳይጨርሱ አያቋርጡ ይባል የለ?»

«እትዬ፣ ያ በሽታው ለተገኘበት ነው። የእሷ ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ትንፋሿም ተስተካክሏል። የማያስፈልጋትን ለምን እንሰጣታለን?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ቁጭ አልኩ።

ማሞቂያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የስም ቦታው ባዶ ነበር። ሲጠይቁኝ «አባቷ ይልካል» እያልኩ አዘገየሁ፤ አንተ ግን ስሟን በተወለደች ዕለት ልከህልኝ ነበር። ይቅር በለኝ፤ ብናጣትስ ብዬ ነው። ዛሬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት።

ሁላችንም በናፍቆት እንስምሃለን፤ ራስህን ጠብቅልን።

እህትህ