የእናቱ ቁጥር

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት።

መብራት መጥቷል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ውርጩ የቢሮውን መስታወት ነጭ አድርጎት አደረ። ከዘመሮ የመጣው የበጎች መረጃ ከመሐል ሜዳው ጋር ከተዋሐደ ሰነበተ፤ አንድም ስሕተት አላሳየም።

ደብተሬ፣ ዛሬ ደረቴን ነፍቻለሁ፣ አትፍረጂብኝ። የበግ አርቢዎች ማኅበራችን ዘንድሮ አውራ የመረጠው በእኔ ፕሮግራም ነው። ታደለ ከመንደር መንደር እየዞረ ግልገል ይመዝናል፣ የእናቲቱን ታሪክ ይጠይቃል፣ ለየአካባቢው በተለየ ስልክ ይመዘግባል። የእኔ ፕሮግራም ሁሉንም ሰብስቦ ደረጃ ያወጣል። ከፊት የወጣው ጠቦት ለዘር ይቀራል። ከኋላ የቀረው ይኮላሻል። ባለፈው ዓርብ ተኮላሹ። በስብሰባው ላይ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ፦ ዐይን ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ወ/ሮ ዘነበች በር ላይ ቆመው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጎቹን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ አሉኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ረቡዕ ይምጡ አልኳቸው። እሺ ልጄ ብለው ተመለሱ። ከጓሳ አፋፍ ድረስ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ይህን ያሰብኩት ከሄዱ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4።

መጡ። አልተቀመጡም። ጠቦታቸው ለምን ከኋላ እንደቀረ ታደለን ጠይቀውት፣ እናቱ ግልገል የሚሞትባት ጥቁር በግ መሆኗን ከቢሮው ከተላከለት ዝርዝር አንብቦ ነግሯቸዋል።

«ልጄ፣ የእኔዋ ዳልቻ ናት። መንታ እንጂ ሙት ወልዳ አታውቅም። ይቺ ጥቁር ማን ናት?»

ከፈትኩ። አየሁ። እውነታቸውን ነው። ጥቁሯ የዘመሮ በግ ናት። አጣራለሁ አልኳቸው። ጠቦቱ እኮ ተኮላሸ አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እንዲያው የዳልቻዬ ስም በከንቱ እንዳይነሳ ብዬ ነው እንጂ።» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ ኮዱን ከፈትኩ። አሁን ከሰዓት ነው፣ ምሳ አልበላሁም።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኮቹ ኔትዎርክ በሌለበት ስለሚሠሩ ለእያንዳንዷ በግ በራሳቸው ቁጥር ይሰጣሉ። የጆሮ ምልክት እሾህ እየቀደደው ይወድቃል፣ በቁጥሩ እንሥራ ያልኩት እኔው ነኝ። ስልኩ ቢሮ ሲመጣ፣ አዋሕድ የሚለው ትእዛዝ የወ/ሮ ዘነበችን ዳልቻ ይዞ ወደ ዋናው ቋት ይሄዳል። ያ ቁጥር እዚያ የለም። ስለዚህ አዲስ ናት ይልና ሌላ ቁጥር ሰጥቶ አዲሱን ቅጂ ይመልስልኛል። እኔ የመለሰልኝን አልተቀበልኩም። ጠቦቱ «እናቴ» የሚለውን የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ቀረ። በኋላ የዘመሮው መረጃ ሲገባ ያ ቁጥር ተራው ደርሶ ለሌላ በግ ተሰጠ። ለጥቁሯ።

ጠቦቱ የሰው እናት ሥር ገባ። የዘመሮ አንድ ጠቦት ደግሞ በተራው የእሳቸውን ዳልቻ እናቴ ብሎ ከፊት ወጣ። ሌሎችም አሉ። ብዙ ናቸው። እናትና ልጅን፣ እናት ስትጠፋ ስሕተት ብሎ በሚጮህ ማሰሪያ ማያያዝ ይቻል ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራ ያበዛል ብዬ ትቼዋለሁ። ስሕተት ያላሳየውም ለዚህ ነው። እንዲያሳይ አላደረግኩትማ።

ፊቴ ይቃጠላል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ማንም የለም፣ ግን ፊቴ ይቃጠላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሴ በድንገት ሰበሰቡን። ሌሎች አርቢዎችም አቤት ብለዋል። ቢሮው ሞላ። አቶ ደምሴ ምክንያቱን አግኝተውት ነው የመጡ፦ ከፊት የወጣው የዘመሮ አውራ የታደለ አማት በግ ነው። ታደለ ለሚስቱ ወገን አድልቶ እናቶቹን አቀያይሯል። ታደለ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል ወይ አሉኝ።

«ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚሰጥ» አልኩ።

ይኸው። ቃል በቃል። እውነት ነው፣ ውሸትም ነው። የሰጠሁት እኔ መሆኔን አልጨመርኩም። ታደለ አየኝ። ይቺ ታውቃለች፣ አሁን ትናገራለች የሚል አስተያየት ነበር። እኔ ኪቦርዱን አየሁ።

ሚዛኑንና ስልኮቹን አስረክብ ተባለ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው። የሚዛኑን ማንጠልጠያ እንዳይጠላለፍ ጠቅልሎ።

ዓርብ፣ የካቲት 6።

ኮዱን አስተካከልኩ። ጥቂት መስመር ናት። ሻይዬ ሳይበርድ አለቀ። ቋቱ የሚመልሰውን ቅጂ ተቀበል፤ ግልገሉን ከቁጥር ጋር ሳይሆን ከእናቱ ጋር እሰር። በቃ። ለዚህች ነው የሰው ስም የጠፋው።

መረጃውንም መለስኩት። በስልኮቹ ላይ የነበረው ስላልጠፋ እያንዳንዱ ጠቦት እናቱን አገኘ። ደረጃውን እንደገና አወጣሁ። የወ/ሮ ዘነበች ጠቦት ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። ከመጀመሪያው መስመር ላይ። ላፕቶፑን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፣ እዚያው ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይህን አሰብኩ። አንቺን አልዋሽሽም፣ ረዘም አድርጌ ነው ያሰብኩት።

እሑድ፣ የካቲት 8። ቅበላ።

ከነገ ጀምሮ ጾም ነው። ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ሥጋ ተበላ። አልወረደልኝም። እናቴ ስለ ታደለ አነሳች፤ ገበያው ሁሉ አውርቶታል። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር አለች። ሚስቱ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም አለች። ወንድሜ፣ አንቺማ አብረሽው ስትሠሪ አልጠረጠርሽም ወይ አለኝ። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ተነሣሁ።

ጥርሴን። በዕድሜዬ አሞኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10።

ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አየሽ ገነት፣ ሰው በቁጥሩ እምነት ካጣ ሁለተኛ አንድ ጠቦት አያስመዝንልንም። ኔትዎርክ ነው እንላለን። ታደለንም ከፋሲካ በኋላ ቀስ አድርገን እንመልሰዋለን።»

ለአንቺም ለእናትሽም ይሻላል አሉ። አባቴን ያውቁት ነበር፣ እሱንም አነሱ። ላስብበት አልኩ። ምን የሚታሰብ አለው? ግን ላስብበት አልኩ፤ ስወጣም ቀለል ብሎኝ ነበር። ቀለል ማለቱን አሁን ስጽፈው አንገቴን እደፋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ከሰዓት።

ታደለ ቤት ሄድኩ። በእግሬ። ነፋሱ ፊት ይልጣል። የበረቱን ካብ እየጠገነ አገኘሁት። ግቢ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ቅጂው፣ ስለ ዘመሮው ጠቦት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሐሙስ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ድንጋይ አነሣ። አስቀመጠ። አልገጥም ሲለው አዙሮ አስቀመጠው። ሚስቱ ብቅ አለችና እኔን ስታይ ተመልሳ ገባች። ይቅር በለኝ አልኩት። አሁንማ አለቀስኩ፣ እሱም አላማረኝም፤ የእኔን እንባ እሱ እንዲያብስ የመጣሁ ይመስል።

«ገኒ፣ ዝም ያልሽው በሰው ፊት ነው። ለብቻዬ መጥተሽ ብትነግሪኝ ለእኔ ምን ይረባኛል?» አለ። ቀጥሎም «አማቴ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው ሰው ዞር አለባቸው። ይህንን በየትኛው ኮድ ትመልሽዋለሽ?»

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 15።

አቶ ደምሴ መልእክት ላኩ። ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ማንም እርሻ አይወጣም፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ ይደረጋል። ስለ ኔትዎርኩ እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ መቀመጥ ብቻ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉን። ገብስ እየለቀመች ሰማችኝ። ከዚያ፣ ታዲያ ነገ ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው አለችኝ። ነጠላዬን አጠበችልኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 16። ማታ።

እንዲህ ሆነ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ታደለ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፎ። አቶ ደምሴ ኔትዎርክ ብለው ሲጀምሩ ተነሣሁ። የፊቴን ወንበር ያዝኩ።

«ኔትዎርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «እናቶቹን አዲስ ቁጥር አሰጠኋቸው፤ ልጆቻቸው የድሮውን እንደያዙ ተውኳቸው። ልጆቹ በሌላ እናት ተጻፉ። ታደለ ያመጣው ሁሉ ልክ ነበር። ባለፈው ስጠየቅ አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ጫጫታ። ያላግባብ የተኮላሹትን ጥሪ ተባልኩ። ጠራሁ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል። አንድ ሰው ከፊት ተነሥቶ፣ በእኔ ድካም የምትጫወቱ ከሆነ ከእንግዲህ በጌን አታዩዋትም ብሎ ወጣ። ማንም አልያዘው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እወጣ ነበር።

ወ/ሮ ዘነበች እጃቸውን አወጡ። ስለ ጠቦታቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ያን ልጅ በምን አፋችሁ ይቅርታ ልትሉት ነው?»

አዳራሹ ወደ በሩ ዞረ። አቶ ደምሴ አቀርቅረው ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራው ይመለሳል አሉ። ታደለ ከግድግዳው ተነቀለ።

«አልመለስም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «ስሜ ሲነጻ ሰማሁ፣ በቃኝ።» ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ማኅበሩ ወሰነ፦ እያንዳንዱ እናትና ልጅ በዐይን እስኪታይ ድረስ በፕሮግራሙ አይሠራም፤ የተመረጡት አውራዎችም ተለይተው ይቆያሉ። ማን ይዞራል ተባለ። ሰው ሁሉ እግሩን አየ። እኔ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17። ማለዳ።

አቶ ደምሴ አላናገሩኝም፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ። ሚዛኑን አወጣሁ። ከባድ ነው። ይህን ታደለ ተሸክሞ ገደል ወጥቶ ይወርድ እንደነበር አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ወ/ሮ ዘነበች ቤት ነገ። ዛሬ ዘመሮ። ሚኒባሱ ሰው እየሞላ ነው፣ ረዳቱ ይጠራኛል። ወስኛለሁ፤ ከበጎቹ በፊት ወደ ታደለ አማት ቤት እሄዳለሁ፣ ጎረቤቶቻቸውን እንዲጠሩልኝም እለምናቸዋለሁ፤ ሁሉም በተሰበሰቡበት እናገራለሁ። ላያስገቡኝ ይችላሉ። ካላስገቡኝ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ አባባ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ልጅዎ ታደለ አላደላም፣ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደሚሉኝ እዚያው እሰማለሁ። ረዳቱ እንደገና ጠራኝ፤ ልሂድ።